ኪሴ ውስጥ የነበረውን አልመሰከርኩም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። አንባቢዎቻችሁ ብዙ ጊዜ የሚጽፉላችሁ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ታክሲ ወረፋና ስለ ኑሮ ውድነት ነው። እኔም ቤት ውሃ ይጠፋል። ዛሬ የያዝኩት ግን ሌላ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ከረመብኝ። ስለ ምስክርነት ነው የምጽፈው። የቤተ ክርስቲያኑን ማለቴ ነው፣ የፍርድ ቤቱን አይደለም፤ ወደ ፍርድ ቤቱም መምጣቴ ግን አይቀርም።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። እኛ ጴንጤዎች ጋ እሁድ በመዝሙርና በስብከት መካከል ለምስክርነት የምትሰጥ ጊዜ አለች። ጌታ ያደረገለትን መናገር የፈለገ ይወጣል፣ ማይክ ይያዛል፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይናገራል። ሥራ ያገኘ፣ ከአደጋ የተረፈ፣ ከሱስ የወጣ፣ ከሕመም የዳነ። እኔ በዚህ ነገር አድጌያለሁ፣ እወደዋለሁም። እናቴ እምነት የያዘችው የጎረቤቷን ታሪክ ሰምታ ነው። ስለዚህ ምስክርነትን ላጣጥል የመጣሁ እንዳይመስላችሁ።

በ2013 ክረምት ሳል ያዘኝ። መጀመሪያ የጨርቅ ብናኝ ነው አልኩ። ቀኑን ሙሉ አቧራና የካውያ እንፋሎት ስትምግ ትውልና አትስል? እናቴ ነጭ ሽንኩርት በማር አደረገችልኝ፣ ዳማከሴም አሸተተችኝ። ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል። አንድ ቀን ሱሪዬ አልይዝ ሲለኝ ወገቤን በራሴ ሜትር ለካሁ። 78 የነበረው 69 ሆኗል። የሰው ልብስ ሳጠብ የኖርኩ ሰው የራሴን ሱሪ በሁለቱም ጎን ማጥበብ ጀመርኩ። አሁንም ሐኪም ቤት አልሄድኩም። የጸሎት ፕሮግራም ግን አንድም አልቀረኝም።

የወሰደችኝ እህቴ ናት። «ወይ ተነስተህ ትሄዳለህ፣ ወይ አዝዬህ እሄዳለሁ» አለችኝ። አዝላ ትሄድ ነበር፣ አውቃታለሁ። ጤና ጣቢያ አክታ ሰጠሁ። ውጤቱ ቲቢ ሆነ። ሲስተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝና ወዲያው ደግሞ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦ «ስድስት ወር ነው። መድኃኒቱ በነጻ ነው። አንድ ቀን እንዳትቀር» አለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪዎቹ አራት ወሮች ሁለት ዓይነት። በየማለዳው እሷ እያየችኝ እውጣለሁ። ትልልቅ ቀላ ያሉ ክኒኖች ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሽንቴ ብርቱካንማ ሆኖ ሳየው አለቀልኝ ብዬ በሩጫ ተመለስኩ። ሲስተሯ በሳቅ ሞተች። «መድኃኒቱ ነው እንጂ ደም አይደለም፣ ነግሬህ ነበር እኮ!» ነግራኝ ነበር። በድንጋጤ አልሰማኋትም።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ሰው ሆንኩ። ሳሉ ጠፋ፣ መብላት ጀመርኩ፣ ሱሪውን መልሼ አሰፋሁት። እሁድ ለምስክርነት ተመዘገብኩ። ፕሮግራም መሪው ጥሩ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ከኋላዬ አራት ሰው ተሰልፏል። ጠጋ ብሎ፦ «ወንድሜ፣ ሦስት ደቂቃ። ስለ ሕክምናው ብዙ አትግባ፣ ጌታ ያደረገውን ብቻ» አለኝ።

ወጣሁ። ሞት አፋፍ ላይ ነበርኩ አልኩ። ደም ተፍቼ ነበር አልኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ ነገር አይቼ ነበር። ከዚያ «ጌታ ግን ፈወሰኝ! ዛሬ ሙሉ ጤነኛ ነኝ!» አልኩ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ጊዜውን ያውቃል፣ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሕዝቡ ተነሳ። ሃሌሉያው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል። ወራት ሙሉ ሰው እንዳይጠጋኝ ጥግ እየመረጥኩ የተቀመጥኩ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲነሳልህ ልብህ ይቀልጣል።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። እሁድ ጤና ጣቢያው ስለማይሠራልኝ ሲስተሯ የእሁዱን ክኒን ቅዳሜ ነበር በወረቀት ጠቅልላ የምትሰጠኝ። ያን ቀን ስቸኩል ሳልውጠው ወጥቻለሁ። «ሙሉ ጤነኛ ነኝ» ስል ቀኝ እጄ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ጨብጬው ነበር። ገና አራት ወር ከምናምን መድኃኒት ይቀረኛል።

ምስክርነቱን አንድ ሰው ቀድቶት ኖሮ በሳምንቱ በቴሌግራም ዞረ፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። ርዕሱ «ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበት ወጣት» ይላል። የትኞቹ ሐኪሞች? አንድም ተስፋ የቆረጠ አልነበረም። እንዲያውም ሲስተሯ አንድ ጠዋት ብዘገይ ስልክ ደውላ የምትቆጣኝ ሴት ናት። የኔን ቃል ደግሞ ሲቆርጡት «እህቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ» ያልኳት አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ወጥታለች። እኔ አሳጠርኩት፣ እነሱ ደግሞ የኔን አሳጠሩት። ልብስ ሁለት ጊዜ ሲያጥር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ዝም አልኩ። ስድስት ወሬን ጨረስኩ፣ ተመርምሬ ነጻ ነህ ተባልኩ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሰው «አንተ የተፈወስከው ልጅ!» ሲለኝ ፈገግ እላለሁ። በቃ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንዲት እናት ቀሚስ ለማሳጠር ሱቄ መጡ። ጫፉን በመርፌ እየያዝኩ ቀና ብል ትክ ብለው እያዩኝ ነው። «አንተ ያ የመሰከርከው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። ነኝ አልኩ፣ የለመድኩትን ፈገግታ እያዘጋጀሁ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። ልጁ የኔን በሽታ ታሞ፣ የኔን መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ ሻል አለው። ቪዲዮውን ያየውም ያን ሰሞን ነው። «እሱ በእምነት ድኗል፣ እኔም ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ቁም ሳጥን ጀርባ ይጥለው ጀመር። ከወራት በኋላ ሳሉ ተመለሰ። አሁን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ተብሎ ሌላ ሕክምና ላይ ነው፤ ከባድና ረጅሙ።

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ በተሻለ። ቀሚሱን ሊወስዱ ሲመጡ ሒሳብ አልቀበልም አልኳቸው። ብሩን ከማሽኑ ሥር ሸጎጥ አድርገው ወጡ።

የኔ ቪዲዮ ብቻ ነው ያስቆመው አልልም። የቲቢ መድኃኒት ራሱ ፈታኝ ነው፤ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቶሎ ያሽላል። ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ሲስተሯ እንዳስረዳችኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙው ተህዋስ ያልቃል፣ ሰውየው ይነሳል፣ ድኛለሁ ይላል። አድፍጦ የቀረው ግን አለ። መሀል ላይ ስታቆም ያ የቀረው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። ከለመደው በኋላ ያው ክኒን አይሠራም። ባሰ ጊዜ ደግሞ ያው የተላመደው ወደ ቤተሰብም ይተላለፋል። ይህን ሁሉ ማይክ ይዤ ስቆም አውቅ ነበር።

ልጁን ሄጄ ጠየቅሁት። መስኮት ከፍቶ ተቀምጧል፣ ማስክ አድርጓል። ብዙ አላወራንም። መሀል ላይ ጠየቀኝ፦

«አንተ ስንት ወር ነው የወሰድከው?»

«ስድስት።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ያኔ አላልክም እኮ» አለኝ።

አላልኩም። ምን እላለሁ?

እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ምስክርነት ብዙ አሰብኩ። ልብስ ሰፊ ሌላ ሰው የሰፋውን ልብስ ሲያይ መጀመሪያ ገልብጦ ነው የሚያየው። ከውጭ ሁሉም ያምራል። ስፌቱ፣ ቋጠሮው፣ የታረመው ቦታ ያለው ከውስጥ ነው። የእኛ ምስክርነት ግን አይገለበጥም። ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ ዛሬ እንዲህ ነኝ፣ ሃሌሉያ፣ ቀጣይ! አንድ የማውቀው ወንድም አለ፤ መጀመሪያ ሲመሰክር ከሥራ በኋላ ሁለት ቢራ የሚጠጣ ሰው ነበር። በዓመቱ ስሰማው የከተማው መጠጥ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ሰካራም ሆኗል። ወደ ኋላ እየጠጣ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ። ግን በማን ላይ ነው የምስቀው? እኔም እኮ ደሙን አብዝቼዋለሁ።

ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ቀርቤ አውቃለሁ፣ በአንድ የኪራይ ክርክር። እዚያ ቃልህን ሰጥተህ አትወርድም። የሌላው ወገን ጠበቃ ተነስቶ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቅሃል። መቼ? የት ቆመህ? ራስህ አየህ ወይስ ሰማህ? ላብ ነው የሚያሰምጥህ። ከመስቀሉ ሥር ቆመን የምንመሰክረው እኛ ግን መስቀለኛ ጥያቄ የለብንም። አጨብጭበው ያወርዱናል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን የተጠየቀ ምስክር አለ። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ያለው፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው። ጎረቤቶቹ ጠየቁት፣ ፈሪሳውያን ጠየቁት፣ ወላጆቹን ሳይቀር ጠርተው ጠየቁ፣ ደግሞ እሱን ሁለተኛ ጠሩት። ሰውየው የሚያውቀውን አያበዛም፣ የማያውቀውን አይናገርም። ፈዋሹ የት አለ ሲሉት አላውቅም አለ። ኃጢአተኛ ነው ሲሉት «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ» አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጭቃው ነው። ጎረቤቶቹም ፈሪሳውያንም እንዴት አየህ ሲሉት ጭቃውን ይናገራል። ጭቃ ቀባኝ፣ ሄጄ ታጠብኩ፣ አየሁ። ተአምሩ እንዲያምርለት ብሎ ጭቃውን አልዘለለውም። እኔ ነኝ ጭቃዬን የዘለልኩት።

ግዕዙ ምስክርነትን ስምዕ ይለዋል፣ መስማት ከሚለው ከዚያው ሥር ነው። ሰማዕት የምንለውም ከዚያ የመጣ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በደርግ ሰዎች ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፣ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ነው የቀሩት። ያ ትውልድ ሲመሰክር ይከፍል ነበር። እኛ ስንመሰክር የሚከፍለው ሌላ ሰው ሆነ፤ እኔ ጭብጨባውን ወሰድኩ፣ ልጁ በሽታውን።

ኦርቶዶክስ ጎረቤት አለችኝ፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። ልጅ አጥታ ብዙ ዓመት ከቆየች በኋላ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች፣ ልጅም ወለደች። ታኅሣሥ 19 ጥላ ይዛ ሄዳ ስለቷን አስገብታ መጣች። ይህን ታሪክ ቡና ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አውቶቡሱ መንገድ ላይ ከመበላሸቱ ነው የምትጀምረው። መሀል ላይ ኦፕራሲዮን ያደረጋት ሐኪም ይገባል፣ በስሙ ትጠራዋለች፣ ትመርቀዋለች። ሐኪሙንና ገብርኤልን አንድ ላይ ስትጠራ አንዱ የሌላውን ክብር ይወስዳል ብላ አትሰጋም። ሁለተኛ ደግሞ ቡና ላይ ሰው ያቋርጣታል። «ቆይ፣ መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነበር?» ይላታል። ትመልሳለች። ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ ታሪኩ ተገልብጦ ታይቷል። የኔን ነገር ስነግራት «መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል እኮ፣ እናንተ ሲራክን ስለማታነቡ ነው» ብላ አሾፈችብኝ። ሉቃስስ ባለ መድኃኒት አልነበረም ወይ አልኳት። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሲጽፍ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ» ነው የሚለው። «ታዲያ አውቀህ ነዋ!» አለችኝ። ይሄ ይብሳል።

የእነሱም ቤት ቢሆን ከዚህ የጸዳ አልነበረም። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረ ሰሞን እንጦጦ ጸበል ላይ ክኒናቸውን የተዉ ሰዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በግልጽ ተናገሩ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ወሬውን የሰማነው እንደ ሌላ ሰው ችግር ነው፣ የጸበልተኞች ጉዳይ ብለን። ቤታችን እስኪመጣ።

ቤተ ክርስቲያኔን ድጋሚ ልመስክር ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሰሙኝ፣ አዘኑልኝም። ነገር ግን «ምእመኑ ይደናገራል፣ የሚያሾፍ ሰው መጠቀሚያ ያደርገዋል» አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ በምስክርነት የሚያላግጥ ሰው ሞልቷል፣ እኔም ለእነሱ ስንቅ ማቀበል አልፈልግም። በማይኩ ግን እምቢ ተባልኩ። የቤት ኅብረታችን ውስጥ ተናገር አሉኝ። አሥራ ሁለት ሰው ሆነን አንድ ሳሎን ውስጥ ተናገርኩ። ክኒኑን፣ ሽንቴን፣ ወረቀቱን፣ ልጁን፣ ሁሉንም። ሦስት ደቂቃ ሳይሆን አንድ ሰዓት ከምናምን ፈጀ። አንድ አባት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፦ «እሺ፣ ታዲያ ጌታ ምን ሠራ?» አሉኝ።

ይህ ነው መስቀለኛ ጥያቄ። ኪቦርድ የለ፣ ሃሌሉያ የለ። እኔም ቶሎ አልመለስኩም። እህቴ አዝዬህ እሄዳለሁ ባለች ቀን ነበረ ብዬ አምናለሁ አልኳቸው። ሲስተሯ ስትቆጣኝም። ሌሊት በላብ ተዘፍቄ አትተወኝ ስለው የነበረው ብቻዬን ያልሆንኩበት ስሜትም እውነት ነው፣ እሱን ማንም አይወስድብኝም። እንዴት እንደሆነ ግን ማስረዳት አልችልም። አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይስማሙ አይስማሙ አላወቅሁም። ከዚያ አንዲት ሴት ተነስታ፣ እሷም የስኳር መድኃኒቷን ለጾም ጸሎት ብላ አቁማ እንደነበር ተናገረች። በነጋታው ሐኪም ቤት ሄዳለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ቪዲዮውን ለለቀቀው ሰው ሁለት ጊዜ ጽፌ አውርደው ብዬዋለሁ። «ሰዎች እየተባረኩበት ነው ወንድሜ» አለኝ፣ ሁለተኛውን ደግሞ አልመለሰም። ቪዲዮው እስካሁን አለ። ስለዚህ በእናንተ ጋዜጣ በኩል፣ ሐዋሳም ሁን ሌላ ቦታ፣ ያን ምስክርነት ያየህ ሰው ካለህ፣ መድኃኒት ላይ ከሆንክ ደግሞ ይበልጥ፣ አንዴ መልሰህ እየው። ግራጫ ኮት የለበስኩት ነኝ፣ ኮቱን ራሴ ነው የሰፋሁት። ግራ እጄ ማይኩን ይዟል። ቀኝ እጄን ተመልከት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከኪሴ አላወጣሁትም።

ልብስ ሰፊው፣
ከሐዋሳ